እሳት ሊጭር እንደመጣ ሰው

ባለፈው ሳምንት ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ እሳት ያለ አየር እንደማይነድ ላሳያቸው ሻማ፣ ብርጭቆና ክብሪት ይዤ ክፍል ገባሁ። ትምህርቱ ቀላል ነው። ሻማው ይበራል፣ ብርጭቆው ይደፋበታል፣ ነበልባሉ ጥቂት ይወዛወዝና ይጠፋል፤ ከዚያ መምህርቷ «ለምን ጠፋ?» ብላ ትጠይቃለች። እኔ ግን እዚያ ጥያቄ ላይ ሳልደርስ፣ ገና ክብሪቱን ጭሬ ያ የድኝ ሽታ አፍንጫዬን ሲወጋኝ፣ እንጨቷን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቆምኩ። የነቃሁት ነዳ ነዳ ጣቴን ስትለበልበኝ ነው። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ድንጋጤዬን ለመሸፈን በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፤ ክብሪት ሳይመጣ በፊት ሰዎች እሳት ሲጠፋባቸው ምን ያደርጉ ነበር?

ከኋላ ወንበር ዘንድሮ ከአምባ ጊዮርጊስ መጥቶ አጎቱ ቤት የገባ ልጅ ብቻ እጁን አወጣ።

«ከጎረቤት እንጭራለን፣ እትዬ።»

«እንጭራለን ይላል! ዶሮ ነህ እንዴ?» አለ አንዱ የአራዳ ልጅ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ አንገቱን ደፋ።

እኔ ነገር ማብራራት እወዳለሁ፤ ባልደረቦቼም ይቀልዱብኛል። እዚያው ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ጫረ» ብዬ ጻፍኩና አስረዳኋቸው። ዶሮ መሬት ትጭራለች። እሳት መጫር ማለት ደግሞ ከሰው ምድጃ አመዱን ገለጥ አድርጎ ፍም አውጥቶ ወደ ቤት መውሰድ ነው። ክብሪት በመጣ ጊዜ ሌላ ቃል አላወጣንለትም፤ የክብሪቱን እንጨት ከቀፎው ጋር ማፋተጉንም መጫር አልነው። ቃሉ ያው ነው። ከዚያ እኔም በልጅነቴ ከጎረቤት እሳት እጭር እንደነበር ስነግራቸው ሳቁ ቀነሰ፤ ያ ልጅም ቀና አለ። ለእነሱ ያልነገርኳቸው የቀረው ነው፤ ትምህርት አይደለምና።

ያደግሁት እዚሁ ጎንደር ውስጥ፣ መንገዱ ወደ አንገረብ ወንዝ ቁልቁል በሚወርድበት ሰፈር ነው። ዘመኑ ጣሊያን ከወጣ ገና ብዙ ያልቆየበት ነበር። መሀል ከተማው ላይ የሲሚንቶ ፎቆቹ ባለቤት እንደሌላቸው ሁሉ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር፤ እኛ ሰፈር ግን ቤቱ ጭቃ፣ አጥሩ ቁልቋል ነው። አባቴ ደምሴ ሾፌር ነበር። ጨርቅና ሸቀጥ የጫነ ካሚዮን ይዞ በሊማሊሞ እየዞረ ከአሥመራ ጎንደር ስለሚመላለስ፣ ቤት የሚያድርባቸው ቀኖች ከማያድርባቸው ያንሱ ነበር። በዚህ ምክንያት የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ሆነ፤ በዚህ ምክንያትም እናቴ አልጋነሽ ብዙውን ጊዜ ከእኔ ሌላ የምታነጋግረው ሰው አልነበራትም።

ከቁልቋሉ ማዶ፣ ሣር ክዳን በሆነች ትንሽ ቤት ውስጥ እትዬ ዘርፌ ትኖር ነበር። ከእናቴ በዕድሜ ብዙ ትበልጣለች። ባሏ ሞቷል፤ አንድ ልጇ ለሰሊጥ ንግድ ብሎ ወደ ሳንጃ ቆላ ወርዶ እዚያው ቀርቷል። እሷ ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔ በመሸጥ ትተዳደራለች። በሁለታችን ግቢ መካከል፣ ቁልቋሉ ውስጥ፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍባት ሽንቁር ነበረች። ማን እንደከፈታት አላውቅም። ከሽንቁሯ እስከ እኛ በር ድረስ ሣር የማይበቅልባት ቀጭን መንገድ ነበረች፤ ያችን መንገድ የሠራት የእትዬ ዘርፌ እግር ነው።

የምትመጣው እሳት ልትጭር ነው።

ላላወቀው ላስረዳ። በዚያን ጊዜ ማታ ከመተኛት በፊት የምድጃው ፍም ተሰብስቦ በአመድ ይዳፈናል። አመዱ ከበዛ እሳቱ ታፍኖ ይሞታል፤ ካነሰ ደግሞ ሌሊቱን ነዶ ያልቃል። በልኩ ያዳፈነች ሴት ግን ጠዋት አመዱን ገለጥ ስታደርገው ፍሙ እንደ በሰለ ዛላ በርበሬ ቀልቶ ይጠብቃታል። ያልቀናት ከጎረቤት ትጭራለች። ፍሙ የሚያዘው በገል ነው፤ ገል ማለት የተሰበረ ማሰሮ ወይም እንስራ ስባሪ ነው። የእትዬ ዘርፌ ገል ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ከገዛችው እንስራ የተረፈ ጎባጣ ስባሪ ነበር፤ የእንስራው ጆሮ ሳይሰበር ስለቀረለት እንደ ጭልፋ ይያዝ ነበር። ከታች አመድ ይደረጋል፣ ፍሙ በላዩ ይቀመጣል፣ ከላይ ደግሞ ትንሽ የኩበት ስባሪ ጣል ይደረግበታል፤ ነፋስ ካለ ጀርባን ለነፋሱ ሰጥቶ በጎን መሄድ ነው። መሮጥ አይቻልም፣ መቆምም አይቻልም። ለዚህ ነው በአማርኛችን ሰው ቤት ገብቶ ለመሄድ የሚቸኩልን ሰው «እሳት ሊጭር እንደመጣ ሰው ምን ያስቸኩልሃል?» የምንለው።

እትዬ ዘርፌ ግን ይህን አባባል ከነሥሩ ገለበጠችው። ጠዋት ፀሐይዋ በራችን ላይ ስትደርስ ሽንቁሯን ጎንበስ ብላ ታልፍና ገሏን ይዛ ደጃፋችን ላይ ትቆማለች።

«አልጋነሽ፣ ደህና አደርሽ? ዛሬም ይኸ እሳት ጉድ አደረገኝ፤ ጠፋብኝ።»

«ምነው እትዬ፣ እሳት ሊጭር እንደመጣ ሰው ቆመው ቀሩ? ይቀመጡ እንጂ!» ትላለች እናቴ።

«እሳት ልጭር አይደል እንዴ የመጣሁት፣ አንቺ!»

ሁለቱም ይስቃሉ። በየቀኑ ይችኑ ቀልድ ይቀልዳሉ፣ በየቀኑ እንደ አዲስ ይስቃሉ። ከዚያ እትዬ ዘርፌ ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጥና ከመቀነቷ እንዝርቷን ትመዝዛለች። እዚህ ላይ አስተዋይ ሰው ቢኖር ይጠይቅ ነበር፤ እሳት ለመጫር የመጣ ሰው እንዝርት ምን ይሠራለታል? እኔ ልጅ ስለነበርኩ አልጠየቅሁም። የእንዝርቷ ድምፅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ጭኗ ላይ ሸርተት አድርጋ ስትለቃት እንደ ንብ እምም እያለች ትሽከረከራለች፣ ክሩም ከጣቷ ጫፍ እየረዘመ ይወርዳል።

ምን ታወራለች? ሁሉንም። ማን እንደወለደች፣ የማን ላም በቁስቋም ዳገት እንደጠፋች፣ የትኛው ደብተራ ማኅሌት ቆሞ እንደተኛ። እናቴ ምስር ስትለቅም እሷም ሳትጠየቅ በግራ እጇ ጠጠር ታወጣለች፤ ሽሮው ጨው ሲያንሰው «አልጋነሽ፣ አባወራሽ ከአሥመራ ጨው ማምጣት ተወ እንዴ?» ትላለች። እኔን ሸጊት ትለኛለች። ስሜ ሸጊት አይደለም፤ ግን ሸጋ ነሽ ያለችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። የአቡጊዳ ፊደል እየጠራሁ ስሸመድድ እሷ ፊደል ሳታውቅ ስህተቴን ትይዝብኝ ነበር፤ «አሁን ዜማው ሰበር አለ» ትለኛለች፣ እውነትም ሰብሬው እገኛለሁ።

ወሬው ሲያልቅ ገሏን ታያለች። ፍሙ አመድ ሆኗል።

«ይኸው! ጨዋታሽ እሳቴን አጠፋብኝ፣ አንቺ ልጅ» ብላ እናቴን ትቆጣለች፤ እናቴ እየሳቀች ሌላ ፍም ትሰጣታለች። አንዳንድ ቀን ሁለተኛውም አመድ ይሆናል። በሰፈራችን ገብቶ የማይወጣ እንግዳ «እንደ እትዬ ዘርፌ እሳት ጫሪ» ይባል ጀመር። እኔ ደግሞ በልጅ አእምሮዬ አስቤ አስቤ፣ የእኛ ምድጃ እሳትና የእሷ ምድጃ እሳት ዘመዳሞች ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት ይጠያየቃሉ ወደሚል ሐሳብ ደርሼ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት እናቴ የተዋስነውን ወንፊት መልሺ ብላ ላከችኝ። በሽንቁሯ ሾልኬ ስሄድ የእትዬ ዘርፌ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ምድጃዋ አጠገብ ቁጢጥ ብላለች። አመዱን ገልጣዋለች፤ ከሥሩ ያለው ፍም ከእናቴም ፍም ይበልጥ የቀላ፣ የሚያምር፣ በልኩ ተዳፍኖ ያደረ ነበር። እጆቿን ዘርግታ ጥቂት ሞቀችው። ቀጥላ ከአጠገቧ ቅል አነሳችና ውኃውን አፈሰሰችበት። እሳቱ ጮኸ፤ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈናት። «በል እንግዲህ፣ ጠፋህ» አለችው። ገሏን አራገፈች፣ እንዝርቷን መቀነቷ ውስጥ ሻጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

ወንፊቱን እንደያዝኩ ሮጬ ቀደምኳትና ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ እጇን አፌ ላይ አደረገች።

«አየሽ?»

«አዎ፣ ራሷ ውኃ…»

«ምንም አላየሽም።»

ወዲያው እትዬ ዘርፌ ደጃፉ ላይ ደረሰች። እሳቱ ጠፋብኝ ስትል እናቴ ፊቷን አጥቁራ «ውይ፣ አመዱ በዝቶበት ይሆናል እትዬ» አለቻት፤ ከልቧ ያዘነች ነበር የምትመስለው። እንግዳዋ ከሄደች በኋላ እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ያን ቀን ያለችኝን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ሰው ቤት ያለ ጉዳይ የምትመላለስ ሴት ዟሪ ትባላለች፣ ዟሪ መባል ደግሞ ስድብ ነው፣ እትዬ ዘርፌ ግን ጉዳይ ስላላት ዟሪ አይደለችም። «እሳት ጠፍቶባት ነው የምትመጣው። ገባሽ?» አለችኝ። ገባኝ አልኩ። አልገባኝም ነበር። የገባኝ ነገር ቢኖር ሌላ ነው፤ እትዬ ዘርፌን ሳል ይዟት በምትቀርበት ጠዋት እናቴ እኔን ገል አስይዛ እሳት ጭረሽ ነይ ብላ የምትልከኝ፣ የእኛ ምድጃ ድመታችን ሙቀቱን ሸሽታ እስክትርቅ ድረስ እየነደደ መሆኑን ያን ጊዜ ልብ አልኩ።

በዚያው ክረምት ሊማሊሞ ላይ መሬቱ ተንዶ መንገድ ተዘጋና አባቴ ቤት ሰነበተ። አባቴ መልካም ሰው ነበር፤ መልካምነቱም ፈጣን ነበር፤ ችግር ሲያይ እንደተበላሸ ሞተር ወዲያው ፈትቶ መጠገን ይፈልጋል። አንድ ጠዋት ካፊያ እየጣለ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሳለ፣ እትዬ ዘርፌ ገሏን በነጠላዋ ጥግ ከልላ ስትመለስ ሽንቁሯ አጠገብ እግሯ አዳልጧት ወደቀች። ፍሙ ጭቃው ላይ ተበትኖ ተንጫጫ። አባቴ ሮጦ አነሳት።

«በዚህ ዕድሜዎ እሳት ተሸክመው በዝናብ! ነጠላዎ ቢያያዝስ ኖሮ?»

«ምንም አልሆንኩ፣ ደምሴ። ይልቅ እሳቱን አየኸው፣ ጠፋ» አለች እትዬ ዘርፌ፤ ልብሷ ጭቃ ሆኖ እሷ ትስቅ ነበር። ልብስ ሳትለውጥ ተመልሳ ሌላ ፍም ልትጭር እኛ ቤት ገባች፤ እስከ ቀትርም ቆየች።

መንገዱ ሲከፈት አባቴ ወረደ። ሲመለስ ከአሥመራ አንድ ሙሉ እሽግ ክብሪት ይዞ መጣ፤ ሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለበት፣ ገና ያልተቀደደ። እናቴ አይታ ደስ አላት።

«ይኸ ለእትዬ ዘርፌ ነው» አላት።

እናቴ እጇ ላይ የነበረውን ሰፌድ አስቀመጠች። «ለእሷስ ይቅርባት።»

«ምነው?»

«እንዲያው… አትለምደውም።»

«ክብሪት ምን መልመድ ይፈልጋል? ወድቃ ስትሰበር ልናይ ነው?»

«እሱ አይደለም።»

«ታዲያ ምኑ ነው?»

እናቴ እኔን አየችኝ፤ እኔ መሬቱን አየሁ። ምን ብላ ትንገረው? ያቺ ሴት እሳቷን በገዛ እጇ ነው የምታጠፋው ብትለው፣ አባቴ ስቆ ለጓደኞቹ ይናገራል፣ ሰፈሩ ይሰማል፣ እትዬ ዘርፌ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲያ ደጃችንን አትረግጥም። የሰውን ገመና ከድኖ መያዝ ለእናቴ ከጸሎት አያንስም ነበር። ዝም አለች። አባቴም ዝምታዋን ስስት መስሎት ቅር አለው፤ ባርኔጣውን አድርጎ እሽጉን ብብቱ ሥር ይዞ በሽንቁሯ ገባ። እኔም ተከተልኩት።

የእሽጉን ወረቀት ቀደድ አድርጎ እንዴት እንደሚጫር አሳያት። «እንዲህ ነው፣ ወደ ራስዎ ሳይሆን ወደ ውጭ።» ነበልባሏ ፍስስ ብላ ወጣች፤ ያ ሽታ ያችን ጨለም ያለች ቤት ሞላት። እትዬ ዘርፌ ነበልባሏን እስክትጠፋ ድረስ አየቻት።

«እሰይ ደምሴ! ሸጋ ነው። እግዜር ይስጥልኝ፤ መንገድህን ያቅናልህ» ብላ እሽጉን በሁለት እጇ ተቀበለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እንግዲህ እሳት አይጠፋብኝም ማለት ነው፣ ሸጊት» አለች።

«ቢጠፋም በዓይን ጥቅሻ ነው የሚመለሰው!» አለ አባቴ፤ እየተፍለቀለቀ ወጣ።

በማግሥቱ እናቴ በርጩማውን ምድጃው አጠገብ አስቀመጠች። ፀሐይዋ በራችን ላይ ደረሰች፣ ወደ ውስጥ ገባች፣ በርጩማው እግር ድረስ መጣች፣ ከዚያ ተመልሳ ወጣች። እናቴ የጠረገችውን መልሳ ጠረገች። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ግን እትዬ ዘርፌ መጣች። ገል አልያዘችም። እንዝርትም አልያዘችም። ደጃፉ ላይ ቆማ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተቻቸው፣ መልሳ አወጣቻቸው፤ የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷታል።

«ደህና አደራችሁ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው እትዬ፣ እሳት ሊጭር እንደመጣ ሰው…» አለችና እናቴ መሀል ላይ አቆመች። አፏ በልማድ ነው የተናገረው። ሁለቱ ተያዩ። አልሳቁም።

«ለሰላምታ ያህል ነው፤ ልለፍ» አለች እትዬ ዘርፌ። እናቴ ከመነሳቷ በፊት ሽንቁሯ ዘንድ ደርሳ ነበር።

እናቴ እንዲህ በቀላሉ አልተወችም። አባቴ ለእኛ የተወልንን ክብሪት ዱቄት ዕቃው ውስጥ ደበቀችና ገል አስይዛ ላከችኝ፤ «እሳት ጠፍቶብናል በያት። ቁጭ በይ ካለችሽ ቁጭ በይ።» ሄድኩ። እትዬ ዘርፌ ሰማችኝ። ኩሩ ሴት ነበረች፤ ሲያዝኑላት ታውቃለች።

«የሾፌር ቤት ክብሪት ያጣል፣ አንቺ ልጅ?» አለችኝ። ፈገግ ብላለች፣ ድምፅዋ ግን ፈገግ አላለም። ከቀፎው ሦስት እንጨት አውጥታ በጥጥ ጠቅልላ መዳፌ ላይ አደረገችልኝ። «ለእናትሽ ስጫት። ሩጪ፣ አይዘንብብሽ።»

ሮጥኩ። ሩጫ ይቻል ነበር፤ የምይዘው ፍም አልነበረም። እናቴ ጥጡን ፈትታ ሦስቱን እንጨቶች አገኘች። ቶሎ መመለሴን ብቻ አየች።

ከዚያ በኋላ ጠብ አልነበረም። ይህን ደጋግሜ ለራሴ አስረዳለሁ፤ ጠብ ቢሆን ሽማግሌ ይገባበት ነበር። በበዓል በር ላይ ይገናኛሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ይጠያየቃሉ፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ትጠይቃለች። የቀረው የዕለቱ ነው፤ ምንም ያልሆነ ቀን ላይ የሚሆነው። ቁልቋል ደግሞ እንደሌላ አጥር አይደለም፤ ሕያው ነው፣ ያድጋል። ሰው ሲያልፍበት የሚሰበረው ቅርንጫፍ መሰበሩን ሲተው ሽንቁሯ ከግራና ከቀኝ እየጠበበች ሄደች። መጀመሪያ እኔ ብቻ የምሾልክባት ሆነች፣ ቀጥሎ ድመቷ ብቻ፣ በመጨረሻ እንደ ቁስል ገጠመች። በቀጭኗ መንገድ ላይም ሣር በቀለ።

ልጇ ከሳንጃ መጥቶ «እማዬ ብቻዋን ምን ትሠራለች» ብሎ ሊወስዳት ሲነሳ፣ እትዬ ዘርፌ ልትሰናበተን በዋናው መንገድ ዞራ በትልቁ በር መጣች። ገሏን ይዛለች። ገሉ ውስጥ ያ እሽግ ነበር። አባቴ ያን ቀን ቤት ነበር።

«ደምሴ፣ አደራህን ተረከብ» አለችው። «ቆላ ነው የምሄደው፤ እዚያ ፀሐዩም ይበቃኛል።» ሳቀች። «ገሉ ደግሞ ያንቺ ነው፣ አልጋነሽ። ከሳንጃ ሸክላ የወለቃ ሸክላ ይሻላል፣ እንዳትጥይው።» እኔን ሳመችኝ፣ እናቴን አንገቷን አቅፋ ቆየች፣ ከዚያ ልጇ በቅሎ ይዞ ወደሚጠብቅበት ወጣች።

አባቴ እሽጉን ገለበጠው። ሰማያዊው ወረቀት እሱ በቀደደው ልክ ብቻ ተቀዷል። እሱ የጫራት አንዲት እንጨትና ለእኔ የሰጠችኝ ሦስቱ እንጨቶች ብቻ ናቸው የጎደሉት።

«አልተጠቀመችበትም! ታዲያ ይኸን ሁሉ ጊዜ በምን ታነድ ነበር?»

«አዳፍና» አለች እናቴ። «እሷን የሚያህል አዳፋኝ በዚህ ሰፈር የለም። እሳት ጠፍቶባት አያውቅም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው በየቀኑ…» ብሎ ጀመረና ቀሪውን አልጨረሰውም። እናቴም አላገዘችውም። አባቴ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ እኔ እዚያ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። ጥቂት ቆይቶ ገጀራ አነሳና ወጣ። ቁልቋሉን፣ ያቺ ሽንቁር በነበረችበት ቦታ ላይ፣ ወተቱ እየተረጨ ይቆርጠው ጀመር፤ ሰው ሳይጎነብስ እስኪያልፍበት ድረስ ከፈተው። ከወዲያ ማዶ የተዘጋ በር ነበር። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። የቁልቋል ወተት ረጨኝ አለ። የቁልቋል ወተት እውነትም ዓይን ያቀላል፤ ስለዚህ ዛሬም እርግጡን አላውቅም።

አንድ ሰሊጥ ነጋዴ ለሁለት ክረምት ያህል ሰላምታዋን ያመጣልን ነበር፤ «ሸጊት ዜማውን ሰበረችው ወይ?» ትላለች ብሎ ነገረኝ። ከዚያ ወሬዋ ቀረ። ገሉ እናቴ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው። ማንም አይነካውም።

ክብሪት ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ለተማሪዎቼ ክብሪት ትልቅ ነገር እንደሆነ አስተምራለሁ፣ አምንበታለሁም። እኔ ራሴ መምህርነት ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ የምኖረው ቧንቧ ባለበት፣ በሩ ቁልፍ ባለው ግንብ ቤት ነው። ውኃ ለመቅዳት ወንዝ አልወርድም፣ ወንፊት አልዋስም፣ እሳት አልጭርም። ምንም አልጎደለኝም፤ ስለዚህ ማንም ዘንድ የምሄድበት ጉዳይ የለኝም። ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ከደብረ ታቦር የመጣ የጸሐፊ ቤተሰብ ይኖራል። ባልየው ቀኑን ሙሉ ቢሮ ነው። ሚስቲቱ በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። ሕፃኗን ስታባብል የምትዘምረውን ዜማ ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ስሟን ግን አላውቀውም። ከመስቀል ጀምሮ የተለዋወጥነው ነገር «እንደምን ዋልሽ» ብቻ ነው።

የሻማውን ትምህርት ያስተማርኩ ዕለት፣ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ክብሪቴን ሳጥኔ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት። ዞሬ ሄጄ አንኳኳሁ። በሩ በግማሽ ተከፈተ፤ ሕፃኗን በክንዷ ይዛለች።

«ይቅርታ እህቴ፣ ክብሪት አልቆብኝ ነበር…»

«ውይ፣ ምን ችግር አለ!» አለች፤ ፊቷ በራ፤ ደግ ፊት ነው። ገብታ ወዲያው ተመለሰች፤ ያልተከፈተ ሙሉ ክብሪት መዳፌ ላይ አደረገችልኝ። «ውሰጂው፣ ያንቺው ይሁን። እኛ ጋ ብዙ አለ፤ ለመመለስ እንዳትቸገሪ።» ሕፃኗ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። እናትየው ፈገግ ብላ በሩን ቀስ አድርጋ፣ እንዳያስደነግጠኝ ተጠንቅቃ ዘጋችው።

እዚያ ደጃፍ ላይ ቆሜ እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ። የአባቴ ደግነት እንዲህ ነበር የሚሞቀው። የእትዬ ዘርፌ ጠዋትም እንዲህ ነበር ባዶ የሆነው።

ክብሪቱ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ አልከፈትኩትም። ነገ ከሰዓት በኋላ ይዤላት እሄዳለሁ። አያስፈልግም ብትለኝም እመልሰዋለሁ፤ የተሰጠን ነገር መመለስም ጉዳይ ነው፣ ማንም ዟሪ አይለኝም። መፍተል አልተማርኩም፤ ስለዚህ በእንዝርት ፋንታ ኪሮሼን ከነክሩ በብብቴ እይዛለሁ። ከዚያ በሩ ሲከፈት ክብሪቱን ሰጥቼ፣ እሳት ሊጭር እንደመጣ ሰው ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፤ የእናቴን ቃል፣ «ተቀመጪ እንጂ!» እስክትለኝ።